የልብ አጋዥ ፓምፕና የድምፅ ዐይን

የሰው ልብ መጠኑ ከባለቤቱ ጭብጥ እጅግም አይበልጥም። ይሁን እንጂ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ሰውየው ዐርፎ በተኛበት ሰዓት እንኳ ሳይቀር በየደቂቃው 5 ሊትር የሚያህል ደም ወደ አካላት ሁሉ ይረጫል። ልብ ይህን ሥራ የሚያከናውነው በአራት ክፍሎች ነው። በቀኝ በኩል የሚገኙት ሁለቱ፣ ማለትም የላይኛውና የታችኛው፣ ከሰውነት የተመለሰውን ደም ተቀብለው ወደ ሳንባ ይልካሉ። በግራ በኩል ያሉት ሁለቱ ደግሞ በሳንባ ውስጥ ኦክሲጅን ያገኘውን ደም ተረክበው፣ አዎርታ በሚባለው ታላቅ የደም ቧንቧ አማካይነት ለመላው አካል ያከፋፍላሉ። በክፍሎቹ መካከልና በመውጫዎቻቸው ላይ ቫልቭ የሚባሉ ስስ መዝጊያዎች አሉ። እነዚህም ደም ወደ ፊት ሲሄድ እንደ በር የሚከፈቱ፣ ወደ ኋላ ሊመለስ ሲል ደግሞ የሚዘጉ ናቸው። ከእነርሱም መካከል ሁለቱ በዚህ ምንባብ ውስጥ ደጋግመው ይነሣሉ፤ አንደኛው በግራው የላይኛና የታችኛ ክፍል መካከል ያለው ማይትራል ቫልቭ ሲሆን፣ ሁለተኛው በግራው ታችኛ ክፍልና በአዎርታ መካከል የሚገኘው የአዎርታ ቫልቭ ነው።

ከአራቱ ክፍሎች ሁሉ ከባዱ ሸክም የወደቀው በግራው ታችኛ ክፍል ላይ ነው። የልብን ጡንቻ የሚመግቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች በድንገት ሲዘጉ፣ ደም ያጣው ጡንቻ በጥቂት ሰዓቶች ውስጥ መሞት ይጀምራል። የተጎዳው ጡንቻ ሰፊ ከሆነም ልብ ደምን ለመርጨት የሚያስችል ኀይል ያጣል። በዚህ ጊዜ የደም ግፊት ይወርዳል፤ እጅና እግር ይቀዘቅዛሉ፤ ኩላሊት ሥራውን ያቆማል፤ በሽተኛው ያለበት ቦታና ጊዜ ይምታታበታል። ከዚህ ደረጃ የደረሱ ሰዎች የተሟላ መሣሪያ ባላቸው ሆስፒታሎች ቢታከሙም እንኳ ከሁለቱ አንዱ ገደማ ይሞታል። የችግሩ ክፋት ልብ ሥራ ፈትቶ ማረፍ የማይችል አካል መሆኑ ነው። የተሰበረ እግር በጀሶ ታስሮ እስኪጠግን ድረስ ሸክም ሳይጫንበት ሊቆይ ይችላል። የታመመ ልብ ግን ራሱን የሚመግብበትን ደም የሚያገኘው ራሱ ሲሠራ ብቻ ስለሆነ፣ በደከመ መጠን የሚያገኘው ምግብ ያንሳል፤ ምግቡ ባነሰ መጠንም ይበልጥ ይደክማል።

በሽተኛውን ከዚህ አዙሪት ለማውጣት ከታሰቡት ዘዴዎች አንዱ፣ ልብ እስኪያገግም ድረስ ለጥቂት ቀናት ሸክሙን የሚጋራ መሣሪያ በደም ቧንቧ በኩል ማስገባት ነው። በዚህ ረገድ ቀደም ብሎ የታወቀው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) በ1967 አሜሪካዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም አድሪያን ካንትሮዊትዝ በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በበሽተኛ ላይ የተጠቀመበት ፊኛ ነው። ይህ ረዘም ያለ ፊኛ በአዎርታ ውስጥ ይቀመጥና ልብ በሚያርፍበት ቅጽበት በሂሊየም ጋዝ ይነፋል፤ ልብ ሊመታ ሲል ደግሞ ይተነፍሳል። ሂሊየም የተመረጠው ቀላል ጋዝ በመሆኑ በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ በፍጥነት ስለሚመላለስ ነው። ፊኛው ለብዙ ዓመታት ታላቅ ተስፋ ሲጣልበት ቆየ። ሆኖም በጀርመን አገር 600 በሽተኞች የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነው ጥናት፣ ፊኛ የገባላቸው ሰዎች ካልገባላቸው ይልቅ በሕይወት የመትረፍ ዕድላቸው እንዳልጨመረ አሳየ። ፊኛ የልብን ሥራ በመጠኑ ያቀልላል እንጂ ደምን ከልብ ውስጥ ስቦ አያወጣም።

ደምን በራሱ ኀይል ስቦ የሚያወጣው ፓምፕ ታሪኩ የሚጀምረው ከሆስፒታል ሳይሆን ከወንዝ ዳር ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ሪቻርድ ዋምፕለር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ወደ ግብፅ ተጉዞ ሳለ፣ በአንድ መንደር ሰዎች ውሃን ከወንዝ ሽቅብ ሲያወጡ ተመለከተ። የሚሠሩበትም መሣሪያ በአርኪሜዲስ ስም የሚጠራው፣ ከሁለት ሺህ ዓመታት በላይ ዕድሜ ያለው ጠመዝማዛ ነበር፤ ይኸውም በአንድ ቧንቧ ውስጥ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ዘንግ ሲሽከረከር ውሃውን ከታች ወደ ላይ እየገፋ የሚያወጣ ነው። ዋምፕለር ጠመዝማዛውን በደም ቧንቧ ውስጥ ለማለፍ እስኪችል ድረስ ቢያሳንሱት፣ ደምን ከልብ እየሳበ ወደ አዎርታ ሊያወጣ እንደሚችል አሰበ። ሐሳቡም ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ፍሬ አፈራ። እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ አገር፣ በሂዩስተን ከተማ በሚገኘው የቴክሳስ የልብ ተቋም፣ ሄሞፓምፕ የተባለው መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ሠራ። የዚያ ፓምፕ ሞተር ከሰውነት ውጭ ነበር። በኋላ በጀርመን፣ በአኸን ከተማ የተሠራው ኢምፔላ የተባለው ፓምፕ ግን ሞተሩን ጭምር በቱቦው ጫፍ ላይ ይዞ ወደ ሰውነት ይገባል።

በብዛት የሚሠራበት የኢምፔላ ዓይነት ከእርሳስ የቀጠነ ነው፤ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ሐኪሙ በብሽሽት በኩል ባለው የደም ቧንቧ ያስገባውና በአዎርታ ውስጥ ሽቅብ እየገፋ፣ የአዎርታን ቫልቭ አሳልፎ ጫፉን በግራው ታችኛ የልብ ክፍል ውስጥ ያሳርፈዋል። እንግዲህ የደም መግቢያው በልብ ውስጥ፣ የደም መውጫው በአዎርታ ውስጥ ይሆናል ማለት ነው። ቫልቩም በሁለቱ መካከል ቱቦውን እንዳቀፈ ይቀራል። በቱቦው ውስጥ ያለችው ትንሽ መዘውር በደቂቃ እስከ 46,000 ጊዜ ትሽከረከራለች። የተለመደ የመኪና ሞተር በኀይል ሲነዳ እንኳ በደቂቃ ከጥቂት ሺህ ዙር እንደማያልፍ ለሚያውቅ ሰው ይህ ፍጥነት የሚያስገርም ነው። በዚህ ሁኔታ ፓምፑ በየደቂቃው ከ3 ሊትር በላይ ደም ሊገፋ ይችላል።

ይህ መሣሪያ በእርግጥ ሕይወት ያድናል ወይ ለሚለው ጥያቄ አስተማማኝ መልስ ለማግኘት ብዙ ዓመታት ወስዷል። በዴንማርክ፣ በጀርመንና በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የተካሄደውና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ጥናት፣ ከላይ በተገለጸው ሁኔታ ልባቸው የደከመ 355 በሽተኞችን የተመለከተ ነበር። ገሚሶቹ ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ ፓምፑ ገባላቸው፤ ገሚሶቹ ግን የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። ከ180 ቀናት በኋላ ሲቆጠር፣ የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት መካከል ከመቶ 58.5 ሞተው ተገኙ፤ ፓምፑ ከገባላቸው መካከል የሞቱት ግን ከመቶ 45.8 ነበሩ። ይህም ማለት ፓምፑ በገባላቸው በየስምንቱ ሰዎች፣ አለዚያ ይሞት የነበረ አንድ ሰው ተረፈ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ አጣዳፊ በሽታ ይህ ቀላል ውጤት አይደለም። ነገር ግን ይኸው ጥናት ሌላም ነገር ገለጠ። ከባድ መድማት፣ የእግር ደም መቋረጥ፣ የደም ሕዋሳት መሰባበር፣ የመሣሪያው ብልሽትና የአዎርታ ቫልቭ ማፍሰስ አንድ ላይ ሲቆጠሩ፣ ፓምፕ ካልገባላቸው ሰዎች መካከል ከመቶ 6.2 ያህሉን፣ ከገባላቸው መካከል ግን ከመቶ 24 ያህሉን አግኝተዋል። ሕይወት አዳኙ መሣሪያ ከአራት በሽተኞች በአንዱ ላይ ጉዳት ይከተለዋል ማለት ነው።

ስለሆነም ፓምፑን ማስገባት የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ከአልጋው አጠገብ የሚቆመው መቆጣጠሪያ የመዘውሩን ፍጥነት፣ ሞተሩ የሚወስደውን የኤሌክትሪክ መጠንና በግምት የሚያልፈውን ደም በቁጥር ያሳያል፤ አንድ ነገር ሲዛባም ደወል ያሰማል። ሆኖም መቆጣጠሪያው አንድ ነገር መዛባቱን ያውቃል እንጂ ምን እንደ ተዛባ አያይም። ሐኪሙም ቢሆን ደረትን ሳይከፍት የልብን ውስጥ በዐይኑ ሊመለከት አይችልም። ይህን የሚያሳየው ድምፅ ነው።

በገደል ፊት ቆሞ የተጣራ ሰው ድምፁ ተመልሶ ይሰማዋል። የገደል ማሚቶ የሚባለው ይኸው ነው። ገደሉ ቅርብ ከሆነ ድምፁ ቶሎ ይመለሳል፤ ሩቅ ከሆነም ይዘገያል። የሌሊት ወፍ በጨለማ ውስጥ የምትበረው በዚህ ዘዴ ነው። የሰው ጆሮ በሴኮንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ የሚርገበገበውን ድምፅ አይሰማም፤ ከዚህ በላይ ያለው አልትራሳውንድ ይባላል። በስዊድን አገር፣ በሉንድ ከተማ፣ ኢንጌ ኤድለር የተባለ ሐኪም የልብ ቫልቮችን ሕመም ያለ ቀዶ ጥገና ለማወቅ የሚያስችል ዘዴ ሲፈልግ፣ ሄልሙት ኸርትዝ ከተባለ የፊዚክስ ሊቅ ጋር ተገናኘ። በዚያን ጊዜ በመርከብ መሥሪያ ቦታዎች የብረት መጋጠሚያ ውስጡ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን በአልትራሳውንድ የሚመረምር መሣሪያ ነበር። ኸርትዝም ወደ ማልሞ ከተማ መርከብ መሥሪያ ሄዶ መሣሪያውን አየ፤ ለብረት የተሠራው ለልብም እንደሚሆን ተረዳ። ሁለቱ እንዲህ ያለ መሣሪያ ተውሰው እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1953 የሚንቀሳቀስ ልብን ማሚቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀርፀው አስቀሩ። የመርከብ ብየዳ መመርመሪያ በዚህ አኳኋን የልብ መመርመሪያ ሆነ።

በዛሬው መሣሪያ የሚሠራ ባለሙያ በበሽተኛው ደረት ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ይቀባና በእጅ የሚያዘውን መመርመሪያ በጎድን አጥንቶች መካከል ያስጠጋል። ለጎልማሳ ሰው ልብ የሚያገለግለው ድምፅ በሴኮንድ ከሁለት እስከ አምስት ሚሊዮን ጊዜ ያህል የሚርገበገብ ነው። ድምፅ በሰውነት ለስላሳ ክፍሎች ውስጥ በሴኮንድ 1,540 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ የሚገኝ የልብ ግድግዳ ማሚቶውን የሚመልሰው ከሴኮንድ ሰባት ሺኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ነው። መሣሪያው ይህን ጊዜ እየለካ ርቀቱን ያሰላል፤ ከብዙ አቅጣጫ የተመለሱትን ማሚቶዎች አቀናብሮም በመስኮት ላይ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ያወጣል። ከዚህም ሌላ ደሙ ወደ የት እንደሚፈስ ማየት ይቻላል። ወደ ተመልካቹ የሚመጣ ባቡር ጡሩምባ ቀጭን፣ የሚርቀው ደግሞ ወፍራም ሆኖ እንደሚሰማ ሁሉ፣ ወደ መመርመሪያው ከሚመጣ ደም የተመለሰ ድምፅና ከሚርቅ ደም የተመለሰው ይለያያሉ። ይህን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1842 የገለጸው የኦስትሪያው ሊቅ ክርስቲያን ዶፕለር ነው። በመስኮቱ ላይ የሚመጣው ደም ብዙውን ጊዜ በቀይ፣ የሚሄደው በሰማያዊ ቀለም ይታያል፤ እየተናወጠ የሚፈሰው ደግሞ ቀለማቱ የተቀላቀሉበት ዥጉርጉር ይሆናል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ፓምፑ በትክክለኛ ቦታው ላይ ነው ወይ የሚለው ነው። ለተለመደው የኢምፔላ ዓይነት የደም መግቢያው ከአዎርታ ቫልቭ ሥር 3.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች እንዲሆን ያስፈልጋል። ይህ ርቀት የሚለካው በልብ አልትራሳውንድ ነው። ልኩ እጅግ ትንሽ ስለሆነ በቀላሉ ይዛባል፤ በሽተኛው ከአንድ አልጋ ወደ ሌላ አልጋ ሲዛወር፣ ሲያስለው ወይም እግሩን ሲያጥፍ ቱቦው ሊንሸራተት ይችላል። ቱቦው ወደ ላይ ከተሳበ መግቢያው ራሱ ከቫልቩ በላይ ይወጣና ፓምፑ ደምን ከአዎርታ ስቦ ወደዚያው ወደ አዎርታ ይመልሳል። ሞተሩ እየዞረ ነው፤ ልብ ግን ምንም እርዳታ አላገኘም። ቱቦው ከመጠን በላይ ወደ ውስጥ ከገባ ደግሞ መውጫው ከቫልቩ በታች ይቀራል፤ ፓምፑም ደምን ከልብ ስቦ እዚያው ልብ ውስጥ ያፈሳል። ይህን ስሕተት ለመለየት ባለሙያው የሚፈልገው ያንን ዥጉርጉር ቀለም ነው። ከፓምፑ መውጫ የሚወጣው ደም በኀይል ስለሚናወጥ፣ ቀለሙ ከአዎርታ ቫልቭ በላይ ከታየ ቦታው ትክክል ነው፤ ከቫልቩ በታች፣ በልብ ውስጥ ከታየ ግን ቱቦው ጠልቋል። ወደ ውስጥ የጠለቀ ቱቦ የማይትራል ቫልቭን ከሚወጥሩት ክር መሰል ጅማቶች ጋርም ሊጠላለፍ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ቫልቩ መግጠም ያቅተውና ደም ወደ ሳንባ አቅጣጫ ያፈስሳል። በኀይል ቢጎተት ጅማቱ ሊበጠስ ስለሚችል፣ ቱቦው የሚስተካከለው ሐኪሙ በመስኮቱ ላይ እየተመለከተ ጥቂት በጥቂት ሲስበው ነው።

የልብ አልትራሳውንድ ጥቅም ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው አንዱ የማስጠንቀቂያ ደወል ብዙ ትርጉም ሲኖረው ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ በሽተኛ ፓምፑ ከገባለት በሁለተኛው ሌሊት መቆጣጠሪያው ደወል ያሰማል እንበል። የተጻፈው ማስጠንቀቂያ የፓምፑ መግቢያ ደም እያጣ የልብን ግድግዳ እየመጠጠ መሆኑን የሚያመለክት ነው። የደም ግፊቱ እየወረደ ነው። ነርሷ ሐኪሙን ትጠራለች። ሐኪሙ ምን ማድረግ ይገባዋል? ግራው የልብ ክፍል ባዶ የሆነበት ምክንያት ቢያንስ ከአራቱ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ የአንዱ መድኀኒት ለሌላው ጉዳት ነው።

አንደኛው ምክንያት በሽተኛው በብሽሽቱ በኩል ደም ፈስሶት፣ በሰውነቱ ውስጥ የሚዘዋወረው ደም መጉደሉ ነው። ይህ ከሆነ በሥዕሉ ላይ የቀኙም የግራውም የልብ ክፍል ጠበው፣ ግድግዳዎቻቸው ሊነካኩ ደርሰው ይታያሉ። መፍትሔው ደም ወይም ፈሳሽ መስጠትና የሚደማውን ቦታ ማቆም ነው። ሁለተኛው ምክንያት የቀኙ ልብ መድከም ነው። ፓምፑ የሚያግዘው ግራውን ብቻ ሲሆን፣ ግራው የሚያወጣው ደም ሁሉ ተመልሶ የሚመጣው በቀኙ በኩል ነው፤ ቀኙ ደሙን ወደ ሳንባ ማሻገር ካቃተው ለግራው የሚደርሰው ያንሳል። በሥዕሉ ላይ ቀኙ ክፍል ተነፍቶ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ማካፈያ ግድግዳ ወደ ግራ ጎብጦ፣ ግራው ደግሞ ጠቦ ይገኛል። ለእንዲህ ያለው በሽተኛ እንደ መጀመሪያው ፈሳሽ ቢጨመርለት የተነፋው ክፍል ይብሱን ይወጠራል። የሚሻለው የፓምፑን ፍጥነት መቀነስና ቀኙን ልብ መርዳት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ የሚያስፈራው ነው። የቱቦው ጫፍ የልብን ግድግዳ ከበሳው ደም ልብን በሚከበው ከረጢት ውስጥ ይጠራቀማል። ከረጢቱ ቶሎ የማይለጠጥ ስለሆነ፣ የተጠራቀመው ደም ልብን ከውጭ እየጨመቀ እንዳይሞላ ያግደዋል። ይህ በአልትራሳውንድ ሲታይ በልብ ዙሪያ እንደ ጥቁር ቀበቶ ሆኖ ነው፤ ፈሳሽ ማሚቶ ስለማይመልስ ጥቁር ይመስላል። ደሙ የረጋ እንደ ሆነ ግን ግራጫ መልክ ስለሚይዝና በአንድ በኩል ብቻ ሊከማች ስለሚችል፣ ያልሠለጠነ ዐይን ሊስተው ይችላል። ሕክምናው ደሙን በመርፌ ወይም በቀዶ ጥገና ማውጣት ሲሆን፣ የሚባክን ጊዜ የለም። አራተኛው ምክንያት ቀላሉ ነው፤ መግቢያው ከልብ ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ጥቂት ስቦ ወይም አዙሮ ማላቀቅ ይበቃል። እንግዲህ ደወሉ ያው አንድ ደወል ነበር፤ አራቱን የለየው በአልጋው አጠገብ ጥቂት ደቂቃ የፈጀ ምርመራ ነው።

ሌላው ጉዳት በዝግታ የሚመጣ ነው። የፓምፑ መግቢያ ሲጠብብ ወይም ቦታውን ሲስት፣ ቀይ የደም ሕዋሳት በሚሽከረከረው መዘውር አጠገብ በጠባብ መንገድ ሲያልፉ ይሰባበራሉ። በውስጣቸው ያለው ቀይ ንጥረ ነገር ወደ ሽንት ስለሚወርድ ሽንቱ የሻይ ወይም የጠቆረ ቀይ መልክ ይይዛል፤ ኩላሊትም ይጎዳል። መሰባበሩን የሚያረጋግጠው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። መንሥኤውን ግን ላቦራቶሪ አይነግርም። ፓምፑ ጠልቆ እንደ ሆነ፣ ልብ ባዶ ሆኖ እንደ ሆነ፣ ወይም ሁለቱም ደኅና ሆነው ሳለ በፓምፑ ውስጥ ደም ረግቶ እንደ ሆነ ለመለየት እንደገና ወደ ሥዕሉ መመለስ ያስፈልጋል።

የረጋ ደም ነገር ፓምፑ ከመግባቱ በፊትም መታየት ያለበት ነው። የሞተ የልብ ጡንቻ ስለማይንቀሳቀስ፣ በተለይ በልብ ጫፍ አካባቢ ደም ሊረጋ ይችላል። ቱቦው ይህን የረጋ ደም ቢነካው ተቆርሶ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ከዚህም የተነሣ በግራው ታችኛ ክፍል የረጋ ደም ያለበት ሰው ኢምፔላ እንዲገባለት አይመከርም፤ በአዎርታ ቫልቭ ፈንታ የብረት ቫልቭ የተተካለትም እንደዚሁ ነው። ፓምፑ ከገባ በኋላ የሚገለጥ አንድ ድብቅ ችግርም አለ። በብዙ ሰዎች በሁለቱ የላይኛ የልብ ክፍሎች መካከል ከማሕፀን ዘመን የቀረች ትንሽ ቀዳዳ ትገኛለች፤ አብዛኛውን ጊዜም ምንም ጉዳት የላትም። ፓምፑ የግራውን ግፊት በብዙ ሲቀንስ ግን፣ ኦክሲጅን ያላገኘው የቀኙ ደም በዚች ቀዳዳ ወደ ግራ ይሻገራል። በሽተኛው ሳንባው ደኅና ሆኖ ሳለ ደሙ ይጠቁራል። ሐኪሙ ሳንባውን ሲመረምር ሊውል ይችላል፤ ምክንያቱ ግን በልብ አልትራሳውንድ ላይ በቀለም ይታያል።

ኤክሞ የሚባለው መሣሪያ አሠራሩ ከዚህ የተለየ ስለሆነ ጉዳቱም የተለየ ነው። ይህ መሣሪያ ደምን ከሰውነት አውጥቶ፣ ኦክሲጅን ጨምሮበት፣ በብሽሽት ባለው የደም ቧንቧ መልሶ ያስገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ፣ 417 በሽተኞችን የተመለከተ ጥናት፣ በልብ ሕመም ለደከሙ ሰዎች ሁሉ ይህን መሣሪያ ቶሎ መጠቀም በሠላሳ ቀን ውስጥ የሚሞቱትን ቁጥር እንደማይቀንስ አሳይቷል። ሆኖም ሌላ አማራጭ ለሌላቸው አንዳንድ በሽተኞች ይሠራበታል። ችግሩ ከታች የተመለሰው ደም በአዎርታ ውስጥ ሽቅብ ስለሚገፋ፣ የደከመው ልብ ይህን ግፊት አሸንፎ ቫልቩን መክፈት እንዲያቅተው ማድረጉ ነው። ቫልቩ ሳይከፈት ከቀረ በግራው ልብ ውስጥ የገባው ደም መውጫ ያጣል፤ ልብ ይነፋል፤ ውሃ ወደ ሳንባ ይሰርጋል። የቆመው ደም በሥዕሉ ላይ እንደ ጭስ እየተጥመለመለ ይታያል፤ ይህም ደሙ ሊረጋ መቃረቡን የሚያስጠነቅቅ ምልክት ነው። ስለዚህ በኤክሞ ላይ ባለ በሽተኛ ባለሙያው ከሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው የአዎርታ ቫልቭ ይከፈት እንደ ሆነ ነው።

አልትራሳውንድ ሁሉን ያያል ማለት ግን አይደለም። ድምፅ በአየር ውስጥ በደንብ አያልፍም፤ ሳንባ ልብን ሲሸፍነው፣ ደረት በፋሻ ሲታሸግ ወይም በሽተኛው ወፍራም ሲሆን ሥዕሉ ይደበዝዛል። የፓምፑ ብረት ራሱ ያበራና ከበስተኋላው ጥላ ይጥላል፤ በጥላው ውስጥ ያለው ነገር አይታይም። በደረት በኩል ያልታየውን ለማየት ትንሽ መመርመሪያ በጉሮሮ ወደ ምግብ ቧንቧ ይወርዳል፤ የምግብ ቧንቧ ከልብ ጀርባ ጋር የተጠጋ ስለሆነ ከዚያ የሚገኘው ሥዕል ጥርት ያለ ነው። ነገር ግን በሽተኛውን ማደንዘዝ ስለሚያስፈልገውና ሊያደማ ስለሚችል እንደ ፊተኛው በየጊዜው የሚደረግ አይደለም። በብሽሽት የገባው ቱቦ የእግሩን ደም ዘግቶት እንደ ሆነም የልብ ሥዕል አይናገርም። ይህን በመጀመሪያ የምታውቀው በየሰዓቱ የእግሩን ጣቶች በእጇ እየዳሰሰች መሞቅ መቀዝቀዛቸውን የምትመረምረው ነርስ ናት፤ የሥልጡን መሣሪያዎች ብዛት ይህን አሮጌ ልማድ አላስቀረውም።

ልብ ማገገሙ ሲታመንበት ፓምፑን የማውጣት ሥራ ይጀመራል። የመዘውሩ ፍጥነት ደረጃ በደረጃ እየተቀነሰ፣ በየደረጃው ልብ በራሱ ምን ያህል እንደሚሠራ በአልትራሳውንድ ይታያል። ጤነኛ ልብ በአንድ ምት ውስጡ ካለው ደም ከግማሽ በላይ ያወጣል። በኤክሞ ላይ ላለ በሽተኛ መሣሪያውን ለመንቀል የሚጠበቀው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ ከመቶ ከ20 እስከ 25 በላይ ካወጣና የደም ግፊቱ ካልወረደ ይሞከራል። በዚህ ጊዜ ቀኙ ልብም መታየት አለበት፤ መሣሪያው ሲሠራ የተሸሸገ ድካም ሲቀነስ ሊገለጥ ይችላልና።

ኢምፔላ ሲወጣ ጥንቃቄ የሚሻ አንድ ነገር አለ። ፓምፑ በቫልቩ መካከል እንዳለ ሙሉ በሙሉ ቢቆም፣ ክፍት የሆነው ቱቦ ደምን ከአዎርታ ወደ ልብ መልሶ የሚያፈስ ቀዳዳ ይሆናል። ስለዚህ በዝቅተኛ ፍጥነት እየዞረ ወደ አዎርታ እስኪወጣ ድረስ ይሳባል፤ ከዚያ በኋላ ይቆማል። ቱቦው ከወጣ በኋላ ባለሙያው መመርመሪያውን እንደገና በደረት ላይ ያሳርፋል። የሚመለከተውም ለብዙ ቀናት ቱቦውን አቅፎ የቆየው የአዎርታ ቫልቭ ሲዘጋ መግጠሙን፣ የማይትራል ቫልቭ ጅማቶች አለመበጠሳቸውን፣ በከረጢቱ ውስጥ ፈሳሽ አለመጠራቀሙን ነው። በዚያ ቀን የተነሣውም ሥዕል ፓምፑ ከመግባቱ በፊት ከተነሣው ጋር ጎን ለጎን ተቀምጦ ይመዛዘናል።